ከቅጹ የቀረችው ጳጉሜን

ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩ ይነበብለታል። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ማንን አገባ፣ ስንት ወለደ። የተማረ ሰው ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዝርዝር አለው፤ በዘመኑ ጽፎ ያሳተማቸው ጥናቶች ዝርዝር። ያንን ዝርዝር ግን የሚያዳምጠው የለም፤ አንባቢውም «ሌሎች በርካታ ጥናቶችንም አበርክተዋል» ብሎ ይዘለዋል። እኔም እስከ አምና ድረስ ሲዘለል እየሰማሁ ዝም የምል ሰው ነበርኩ።

የቀድሞ አለቃዬ የዶክተር አምሃ ሙት ዓመት ሊደርስ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ በነሐሴ ዝናብ መሃል፣ ልጃቸው ሰብለ ቤቴ መጣች። ቤቴ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ ከተደረደሩት የሀበሻ ልብስ ሱቆች ጀርባ። አባቴ ከጋሞ ተራራ የመጣ ሸማኔ ነበርና እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። ሰብለን አይቻት ባላውቅም ሳያት ወዲያው ለየኋት። የአባቷ ግንባር ነው ያላት፤ ሰፊ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚያሰላ የሚመስል። በላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን አቅፋ በር ላይ ቆማለች።

«እትዬ የሺ እርስዎ ነዎት? ይቅርታ፣ ሳልደውል መጣሁ። የአባባ የስልክ ደብተር ላይ ‹የሺ፣ ቢሮ› የሚል አግኝቼ ነበር፤ ቁጥሩ ግን አይሠራም። በሰው በሰው ነው ያገኘሁዎት።»

«እሱ የጥንት ቁጥር ነው ልጄ። ግቢ፣ ዝናቡ አበሰበሰሽ እኮ።»

ሻይ አቀረብኩላት። እሷ ግን ከሻዩ በፊት ካርቶኑን ፈታች። ከውስጡ የወጣው ሽታ ነው መጀመሪያ የያዘኝ፤ የቆየ ወረቀት፣ የካርቦን ቀለም፣ ትንሽ የአይጥ ሽታ። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ወደኋላ ተመልሼ ጫማዬን አውልቄ ኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

አዎ፣ ያኔ ኮምፒውተር ክፍል የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው፤ እንደ ቤተክርስቲያን። ነጭ ጋውን እንለብሳለን፣ ማታ ስንወጣ ማሽኖቹን በአንሶላ እንሸፍናለን። መሥሪያ ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ ባህር ዛፉ ገና ሳይመነጠር፣ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ የሚባል ግንብ ቤት ውስጥ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ሥሩ ጎሚስታና ሞባይል መጠገኛ ገብቶበታል። በሚኒባስ ሳልፍ ረዳቱ ስሙን ጠርቶት አያውቅም፣ ምክንያቱም ያ ቦታ ስም የለውም አሁን። ያኔ ግን አውቶቡሱ በአሥራ አምስት ሳንቲም በሩ ላይ ያወርደን ነበር። ፌርማታው አጠገብ አንዲት ሙዚቃ ቤት ነበረች፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ካሴት ብቻ የምታጫውት። ትታው ስለሄደች ሴት የሚዘፍን ወንድ ነው፤ አንድ ክረምት ሙሉ ሄደችበት። ከሙዚቃ ቤቷ ጎን ትኩስ ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም ይሸጣል፤ ዘይቱ በጋዜጣው አልፎ ጣት ላይ ይቀራል፣ እና ዶክተር አምሃ በር ላይ ቆመው ጣታችንን ያያሉ። «በዚህ እጅ ኪቦርድ አይነካም፣ ታጥባችሁ ተመለሱ» ይላሉ። አራት ሴቶች ነበርን፤ ፀጉራችንን በካውያ ተኩሰን፣ የቴትሮን ጉርድ ቀሚስ ለብሰን፣ ከላይ ጋውኑን ደርበን። ወንዱ ሁሉ ካኪ ነው የሚለብሰው። ዘመኑ ብዙ የማይወራ ነገር ነበረው፤ እኔም ዛሬ አላወራውም። እኛ ግን ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የምንሠራው፤ ዝናብ ደግሞ የማንም ወገን አልነበረም።

ዶክተር አምሃ ውጭ አገር ተምረው የመጡት በኮምፒውተር ስሌት ነው። እዚያው ቀርተው የሞቀ ኑሮ መኖር ይችሉ እንደነበር ሁሉም ያወራ ነበር። የመጡት ለወረቀት ሲሉ ነው። በየገጠሩ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ ተተክሎ፣ አንድ መምህር ወይም ድሬሰር ወይም የደብር አገልጋይ በየጠዋቱ ለክቶ የጻፈው ወረቀት በመጋዘናችን እስከ ጣራ ተከምሮ ነበር። ግማሹን አይጥ በልቶታል። እሳቸው ያንን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር አስገብተው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ወረቀት እንደመጣ፣ ማን እንደለካው፣ ማን እንዳስገባው አብሮ እንዲያዝ የሚያደርግ አሠራር ፈጠሩ። የመጀመሪያ ጽሑፋቸው ስለዚያ አሠራር ነው። ሁለተኛው፣ የጎደለ ቁጥር ሲኖር እንዴት እንደሚሰላ። እንዲህ እያሉ በዓመት አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ያሳትማሉ። የታተመው ሲመጣ ከፖስታ ቤት ራሳቸው ያመጡትና ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጠው፣ «ይኸው፣ የናንተ ጣት ነው ይሄ» ይሉን ነበር። እንግሊዝኛውን ብዙም አንረዳውም፤ ግን በየተራ እንዳስሰው ነበር።

ሰብለ ዝርዝሩን አወጣች። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ከላይ እስከ ታች በዓመት የተደረደረ። «ለሙት ዓመቱ ትንሽ መጽሔት ልናሳትም ነው» አለችኝ። «ጥናቶቹን አንድም ሳይቀር ማስገባት ፈልጌ ነው። ከኛ ቤት የሚያውቅ የለም፤ ካርቶኑን ይዩልኝና የጎደለ ካለ፣ የተሳሳተ ካለ ይንገሩኝ።»

መነጽሬን አድርጌ በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። አንዱ መስመር በእርሳስ ተሰርዟል። ጣቴ እዚያ ቆመ።

«እሱን ልናወጣው ነው» አለች። «ከታተመ በኋላ የተሰረዘ ጽሑፍ ነው፣ ያውቁት ይሆናል። አባባ ራሱ እንዲነሳ የጠየቀው። በሱ ጥፋት እኮ አይደለም። አንዷ ጸሐፊ ናት መረጃውን አበላሽታ ያስገባችው። እማዬ እስከ ዛሬ ስታነሳው ታለቅሳለች። በዚያ ምክንያት ነው ፕሮፌሰር ሳይሆን የቀረው። እ... ማለቴ፣ በሙት ዓመቱ ደግሞ ያንን ማንበብ ምን ያደርጋል?»

«ካርቶኑን ለጥቂት ቀን ተዪልኝ» አልኳት። እሷ ሻይዋን ጠጥታ፣ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ድሮ የዝናብ መመዝገቢያው ትልቅ መዝገብ ነው፤ አሥራ ሦስት ረድፍ ያለው። በኋላ ከውጭ በመጣ ናሙና አዲስ ቅጽ ታተመ፤ ያማረ፣ ወፍራም ወረቀት፣ አሥራ ሁለት ሳጥን ብቻ ያለው። ጳጉሜን ቦታ አልነበራትም። ለካዮቹ ምን ያድርጉ? ገልብጠው ጀርባው ላይ ጻፏት። አንድ ቀን አንዱን ወረቀት ይዤ ወደ ዶክተር ገባሁ። ስልክ ላይ ነበሩ።

«ዶክተር፣ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር አለ። እሱስ ይግባ?»

የስልኩን አፍ በእጃቸው ሸፈን አድርገው፣ ወረቀቱን ሳያዩት፣ «የፊቱ ይበቃል፣ የሺ። ጀርባው ማስታወሻ ነው» አሉኝና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። በቃ። የአዲሱ ቅጽ ወረቀት ሁሉ የኔ ድርሻ ነበርና እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ፊት ፊቱን ብቻ አስገባሁ። ኮምፒውተር ምን ያውቃል? ከነሐሴ ሠላሳ ቀጥሎ መስከረም አንድ ካገኘ፣ በመሃል አምስት ቀን እንደጠፋ አይጠይቅም። ቀኑን ቀጥታ ይቆጥራል። በዓመት አምስት አምስት ቀን እየጎደለ ሲሄድ በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ግማሽ ወር ቀድሞ የገባ ይመስላል። ዶክተር አምሃም ያንን አዩ። ክረምታችን እየቀደመ ነው ብለው ጻፉ። ያ ጽሑፍ ከሁሉም በላይ ሰው አነበበው፤ ከማናውቀው አገር ደብዳቤ መጣ፤ ለስብሰባ ተጠሩ፤ የፕሮፌሰርነት ማዕረጋቸውም ጉዳይ ተጀመረ። ቢሮው ሁሉ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ፣ ተላላኪው ሳይቀር።

እኔ ያወቅኩት ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ከሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። የሰፈር ልጆች እርቃናቸውን ወጥተው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «አሳድገን!» እያሉ በዝናቡ ይሯሯጣሉ። እናቶች በጣሳ ከአሸንዳው ይቀበላሉ። እያየሁ ሳቅኩ፤ ወዲያው ሳቄ ደረቀ። ይሄ ሁሉ ዝናብ የት ነው የገባው? እኔ የጳጉሜንን ዝናብ አስገብቼ አውቃለሁ? በማግሥቱ ማንም ሳይመጣ ቢሮ ገብቼ ወረቀቶቹን ገለበጥኩ። አንድ በአንድ ጀርባቸው ላይ ጳጉሜን አለች። አንድ የደብር አገልጋይ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «ቅጹ ላይ ቦታ ስላጣሁላት ጳጉሜንን በጀርባው አስቀምጫታለሁ፤ ይታይልኝ» ብለው ጽፈዋል። ያንን ወረቀት ለብቻው አስቀመጥኩት።

ወደ ቤት ስገባ አባቴ እንደ ልማዱ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ እየሠራ ነበር። ፊቴን አይቶ መወርወሪያውን አቆመ። ነገርኩት፤ ስለ ስልኩም፣ ስለ ጀርባውም። የሸማኔ ልጅ ቢሮ ገባች ተብሎ ስንት የተወራብን ሰዎች ነን፤ ከዚያ ሥራ ብባረር የሚስቀውን አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል።

«ሰውየው አያውቅም?»

«አያውቁም፣ አባዬ። ማንም አያውቅም። ማንምም ላያውቅ ይችላል።»

ክሩን ዳበሰ። «እኔ ልጅ ሆኜ ክር ዘልዬ፣ ገዢው ሳያየው የሸጥኩት ጋቢ አለ» አለኝ። «ገዢውን ረስቼዋለሁ። ጋቢውን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።» ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አዲስ ዓመት አለፈ። እንቁጣጣሽን እንዴት እንደዋልኩ አላስታውስም። ከበዓሉ ማግሥት ወረቀቶቹን አቅፌ ዶክተር ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሁሉንም በጀርባቸው ደርድሬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው?»

«ጳጉሜን ናት፣ ዶክተር። ሳናስገባት ቀርተናል።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። አንዱን ወረቀት አነሱ፣ ሌላውን አነሱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ። «ስንት ጣቢያ ነው እንዲህ ያለው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አዲሱ ቅጽ የደረሳቸው በሙሉ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለአባቴ ብቻ።»

«ለሌላ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ያችን ቃል ይዤ ወጣሁ። ልደብቀው ነው ያሉ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ምንም አልተናገሩም። በየቀኑ ይገባሉ፣ በራቸውን ይዘጋሉ፣ የጠዋቱን ሰላምታ እንኳ ረሱ። እኔ ደግሞ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ያንን የስልኩን ቀን ያስታውሱት ይሆን? «የፊቱ ይበቃል» ማለታቸውን? አላነሱትም። እኔም አላነሳሁም። እንዴት ብዬ ላንሳው? አንድ ሰው ላይ የወደቀን ነገር አንቺ ነሽ፣ አንተ ነህ እያሉ መከራከር የሚቻለው እኩያ ከሆኑ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ወደ ክፍላችን መጡ። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተዋል።

«ከፖስታ ቤት መምጣቴ ነው» አሉኝ። «ጽሑፉን እንዲያነሱት ላሳተሙት ሰዎች ጽፌያለሁ። ከመላኬ በፊት ስሌቱን ሁሉ እንደገና ማየት ነበረብኝ። እውነት ነው፤ ክረምቱ አልቀደመም።»

«እድገትዎስ፣ ዶክተር?»

«እድገቱን ለያዙትም ጽፌያለሁ» አሉና ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «በይ፣ ከመጀመሪያው ጣቢያ ጀምሪ። እኔ አነባለሁ፣ አንቺ አስገቢ።»

ያንን በጋ እንደዚያ ነው ያሳለፍነው። እሳቸው ጀርባውን ያነባሉ፣ እኔ እመታለሁ። «ጳጉሜን አንድ፣ አራት ነጥብ ሁለት። ጳጉሜን ሁለት፣ ባዶ። ጳጉሜን ሦስት፣ አሥራ ስምንት።» ከቁጥር ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ስብሰባው ቀረ፤ በቦታቸው ሌላ ሰው ሄደ። የማዕረጉ ጉዳይ ተዘጋ፤ ተመልሶም አልተከፈተ። ቢሮው ውስጥ «ዶክተር ጳጉሜን» የሚል ስም ወጣላቸው። በኮሪደር ሲያልፉ ከኋላቸው የሚስቁ ነበሩ፤ እሳቸውም ይሰማሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሁለታችንም እንደማንሰማ እንሆናለን።

አንድ ቀን ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ በራችን ላይ ቆሙ። ዶክተር አልነበሩም። አራታችንንም ተራ በተራ አዩን።

«የትኛዋ ናት?» አሉ።

ማንም አልመለሰም። ጓደኞቼ ያውቃሉ፤ በየቁጥሩ ጎን ያስገባው ሰው ስም አለና ዶክተር የፈጠሩት አሠራር ራሱ ይናገራል። ግን ዝም አሉልኝ። እኔም ኪቦርዱን እያየሁ ዝም አልኩ። ወይዘሮዋ ብዙ ቆሙ። ከዚያ፣ «እሺ፣ እግዜር ይየው» ብለው ሄዱ። በሕይወቴ ካፈርኩባቸው ቀኖች ሁሉ ያቺን ቀን የሚያህል የለም። ተነስቼ እኔ ነኝ ማለት ይገባኝ ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ያልተነሳሁት ከዚያ ወንበር ነው።

የተስተካከለው ጽሑፍ በኋላ ታተመ። ክረምቱ እንደ ድሮው ነው የሚገባው ይላል፤ ሌላ አዲስ ነገር የለውም። ማንም ደብዳቤ አልጻፈላቸውም። እሳቸው ግን እንደ ሌሎቹ ከፖስታ ቤት ይዘውት መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ያን ቀን ነው ከቁጥር ሌላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወሩኝ። «አባትሽ ደህና ናቸው፣ የሺ?» አሉኝ። ደህና ናቸው አልኩ። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ዘመን ተለወጠ፣ መሥሪያ ቤቱም ተዛወረ፣ እኛም ጡረታ ወጣን። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሸጎሌ በግ ተራ ነው፤ የፋሲካ ዋዜማ ሰሞን። አንድ በግ በገመድ ይዘው ነጋዴውን ያስጨንቁታል። ዕድሜውን ይጠይቃሉ፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቃሉ፣ ማን እንዳረባው ይጠይቃሉ። ነጋዴው ጭራሽ ግራ ገብቶታል። «አባቴ፣ ሊገዙት ነው ወይስ ሊድሩት?» አላቸው። እኔን ሲያዩ ከልባቸው ሳቁ። «የሺ፣ ነይ እስቲ ንገሪው፤ መረጃው ሳይሟላ እንዴት እገዛለሁ?» አሉኝ። ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል። ተቃቅፈን ተሳሳምን። አሁንም ስለዚያ ነገር አላነሳንም። ቀጨኔ ድረስ በአንድ ሚኒባስ ሄድን፣ በጉ እግራችን ሥር ተጋድሞ። አምና መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ነው ካርቶኑ ፊት ያስቀመጠኝ። ለሁለት ቀን ወረቀቱን አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን ለሰብለ ደወልኩና ነይ አልኳት። መጣች። ሻይ እንኳ ሳላቀርብ ጀመርኩ፤ ካዘገየሁት እንደ ያኔው ዝም እንደምል ስለማውቅ።

«ያቺ ጸሐፊ እኔ ነኝ» አልኳት።

አልገባትም። «የቷ ጸሐፊ?»

«ጳጉሜንን ሳታስገባ የቀረችው። እናትሽ ቢሮ መጥተው የትኛዋ ናት ሲሉ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ስህተቱንም ለአባትሽ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ አልነግራችሁም። «ለምን ሳያስገቡት ቀሩ?» አለችኝ በመጨረሻ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። መልሱ አፌ ውስጥ ነበር፤ የስልኩ ቀን፣ «የፊቱ ይበቃል»። ብናገረው እውነት ነው። ግን የሞተ ሰው ተነስቶ እንዲህ አላልኩም፣ ወይም አዎ ብያለሁ ሊል አይችልም። ሙት ዓመታቸው ነው፤ የምታዳምጠኝ ልጃቸው ናት። «ጀርባውን ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም» አልኳት።

«ስህተቱን ካወቁት በኋላስ ለምን ነገሩት? ባይነግሩት ማን ያውቅ ነበር? ሰው ሁሉ አምኖት ነበር እኮ። አባባ...»

«ዘንቦ ነበራ፣ ልጄ» አልኳት። «በዓይኔ አየሁት። የዘነበውን አልዘነበም ማለት አቃተኝ።»

ካርቶኑን አንስታ ወጣች። ደህና ዋሉ አላለችኝም። በሩን ስትዘጋ ግን አላጋጨችውም፤ ያንን ልብ ብያለሁ።

መስከረም ጠባ። መጽሔቱም፣ ሙት ዓመቱም ያለእኔ ይሆናል ብዬ ተውኩት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሰብለን ከቤቴ በር ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እጇ ላይ አንድ ቀጭን ወረቀት አለ፤ የካርቦን ቅጂ፣ ሰማያዊው የደበዘዘ።

«ካርቶኑ ሥር ነበረ» አለችኝ። «አባባ ጽሑፉ እንዲነሳ የጻፈው ደብዳቤ። ላንብብልዎት?» እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ፤ ቀስ ብላ፣ እንደ አባቷ። «‹በቅጹ ጀርባ የተጻፈው እንዳይገባ ትእዛዝ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ረዳቴ ስለ ጉዳዩ አስቀድማ ጠይቃኝ ነበር፤ ወረቀቱን ሳላይ መለስኩላት። ስህተቱን ያገኘችውም እሷ ናት።›»

ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያስታውሱ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ በጋ አጠገቤ ተቀምጠው ቁጥር ሲያነቡ ያስታውሱ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች ሰብለ። «እኔ እኮ ያን ቀን ክፉ ፊት ነው ያሳየሁዎት። ‹አባትሽ ናቸው ተዪው ያሉኝ› ቢሉኝ...»

«እሳቸው በሌሉበት?»

አንገቷን ደፋች። ዝናቡ ስላባራ ከሱቆቹ ጀርባ የተሰቀሉት ነጠላዎች በነፋስ ይርገበገባሉ።

«ለእናትሽ አንብበሽላቸዋል?» አልኳት።

«ትናንት። እንደገና አንብቢው አለችኝ፤ አነበብኩት። ከዚያ ተኛች።»

ሙት ዓመቱ በጥቅምት ቀጨኔ መድኃኔዓለም ነበር። ፍትሐቱ ካበቃ በኋላ ሰዉ አዳራሽ ገባ። ወይዘሮ አስካለ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል፣ ጥቁር ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። እኔ ከኋላ በር አጠገብ ቦታ ያዝኩ። ካህኑ የሕይወት ታሪኩን አነበቡ፤ የት ተወለዱ፣ የት ተማሩ። ከዚያ ሰብለ ተነስታ በሰዉ መሃል ወደኔ መጣችና መጽሔቱን ገጹን ገልጣ ሰጠችኝ።

«ጥናቶቹን እርስዎ ያንብቡልን፣ እትዬ የሺ።»

ፊት ቆሜ መነጽሬን አደረግኩና ጀመርኩ። አንድ በአንድ፣ ከነዓመታቸው። የጥናቶቹ ርዕስ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሰዉ ላይረዳው ይችላል፤ ግን አንድም ሰው አላወራም። ጣቴ ያቺ መስመር ላይ ደረሰ። የእርሳሱ ሰረዝ የለም። ከሥሯ በአማርኛ እንዲህ ይላል፤ «በደራሲው ጥያቄ የተሰረዘ። ስህተቱ በወይዘሮ የሺ ተገኝቶ፣ አብረው ያስተካከሉት።» ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። እንደ ሌሎቹ አነበብኩት፤ ወደሚቀጥለውም አለፍኩ። የተስተካከለውን፣ ማንም ያላመሰገናቸውበትን፣ እሱንም አነበብኩ።

ስጨርስ ወደ ኋላ ወደ ቦታዬ ልመለስ ዞርኩ። ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ፤ ብዙ አዩኝ፣ እንደዚያ ቀን በር ላይ ቆመው እንዳዩን። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበሩ ላይ ጠጋ አሉ።

«ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ።